የአርቪያችን ስፒና ጠቆረ፣ ብሬከሩ ግን አልወረደም! ጥፋተኛው ምጣዱ ነው?

ተጓዧ (ሜሪላንድ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ እያነበብኩ ብቻ ነበር የማልፈው አሁን ግን ጉድ ስለገጠመኝ ጻፍኩ፣ ከረዘመ ይቅርታ። ባለፈው ዓመት ያገለገለ 26 ጫማ ተጎታች አርቪ (መኪና የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤት) ገዛን፣ የ2014 ነው፣ ባለ 30 አምፕ። ከዚያ በፊት ከድንኳን ሌላ አናውቅም፣ ስለ ኤሌክትሪክማ ጭራሽ አትጠይቁኝ።

ሰሞኑን ከሌላ ሁለት ቤተሰብ ጋር ሆነን ቨርጂኒያ፣ ባህር ዳር ያለ አንድ ካምፕግራውንድ አራት ቀን ቆየን። ጊዜው ፍልሰታ ነው፣ ልጆቹ በርገራቸውን ይበላሉ እኛ ትልልቆቹ ግን ጾመኞች ነን፣ ይዘን የሄድነው እንጀራ ደግሞ በሁለተኛው ቀን ድራሹ ጠፋ። እኔ ይኼ እንደሚመጣ ስለማውቅ ሊጥ በባልዲ ይዤ ነበር (ሳቁ ግድ የለም)፣ ምጣዴንም እንደዚያው፣ ያቺን እዚህ አገር ሁላችንም ቤት ያለችውን ባለ 1500 ዋት። ሙቀቱ አይጣል ነው፣ ኤሲው ከጠዋት ጀምሮ አልጠፋም። ውስጥ ሆኜ 20 ምናምን እንጀራ ጋገርኩ፣ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ፈጀብኝ። ወደ መጨረሻው ላይ መብራቱ ቦግ እልም ማለት ጀመረ፣ ኤሲው ሲነሳ ያቃስታል። እኔ የካምፑ መብራት ነው ብዬ ናቅሁት።

ባለቤቴ ውጪ ወጥቶ ሲያይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፣ ገመዱ አርቪው ጎን ላይ ገብቶ የሚጠመዘዝበት ቦታ ጋ። ሲነካው እጁን ለበለበው። ብሬከሩን አጥፍቶ ሊነቅለው ቢል እምቢ አለ፣ ተጣብቋል፣ በስንት መከራ ወጣ። አንደኛው ቀዳዳ ዙሪያውን ጠቁሯል ፕላስቲኩም ቀልጧል። የካምፑ ሳጥን (መብራት የሚሰጠን) ላይ የሚሰካው በኩል ደህና ይመስላል።

የማይገባኝ ነገር፣ ይኼ ሁሉ ሲሆን የካምፑም ብሬከር የአርቪውም ብሬከር አልወረደም። ለምን? ሁለተኛ፣ ባለቤቴ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገነው እንቀጥል ይላል፣ ወንድሜ ደግሞ ገመዱን በሙሉ ጣሉት ይላል። ማን ነው ልክ? ሦስተኛው፣ ምጣዴን ልሰናበታት ወይ? ሁሉም ሰው በእንጀራሽ ልታቃጥይን ነበር እያለ እየቀለደብኝ ነው እኔም ተናድጃለሁ።

የዴንቨር ልጅ፦

ሊጥ በባልዲ ካምፒንግ ሃሃሃ አንቺስ ጀግና ነሽ።

የኔም እንደዚህ ጠቁሮ ነበር አትፍሪ። ፈገፈግኩት፣ ላላ ያለችውን ሴቷን (ጥርሱ የሚገባባትን) ቀዳዳ በፒንሳ ትንሽ ጠበብ አደረግኳት፣ ላዩ ላይ ናስትሮ ጠቀለልኩበት እንዳይላቀቅ፣ ሁለት ክረምት ሮኪ ማውንቴን ምናምን ዞርኩበት ምንም አልሆነም። አዲስ ገመድ ውድ ነው በከንቱ አትክሰሩ።

ጋሼ ሽቦ (ዳላስ)፦

እህቴ በመጀመሪያ እንኳን እግዚአብሔር አተረፋችሁ፣ ይኼ ነገር ሌሊት ተኝታችሁ ሳለ ሆኖ ቢሆን ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው። እኔ እዚህ ፈቃድ ያለኝ ኤሌክትሪሻን ነኝ፣ አርቪም አለኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝመው።

ብሬከሩ ያልወረደው ተበላሽቶ አይደለም። ብሬከር የሚያየው በራሱ ውስጥ የሚያልፈውን አምፕ ነው፣ አሥር ሜትር ርቆ ያለ ስፒና ቢቀልጥ በምን ያውቃል? ያንቺን ልደምርልሽ። ምጣዱ 1500 ለ120 ሲካፈል 12.5 አምፕ ነው። የጣሪያው ኤሲ ሲሠራ 13 አካባቢ ይጎትታል በሙቀት ቀን ከዚያም ያልፋል። ባትሪ የሚሞላው ኮንቨርተር አለ። ፍሪጁ በኤሌክትሪክ ላይ ከነበረ ሌላ 3 ጨምሪ። ስለዚህ 28፣ 29 ላይ ነበርሽ ማለት ነው፣ 30 ስላልሞላ ብሬከሩ ዝም አለ። 30 የሚል ስለተጻፈበት ብቻ ለሰዓታት 29 መጎተት ግን ልክ አይደለም፣ እኛ ቆይቶ የሚሠራ ጭነት ስናሰላ 80 በመቶውን ነው የምንይዘው፣ ለ30 አምፕ 24 ማለት ነው።

ግን ስሚኝ፣ ምጣዱ አባባሰው እንጂ ጥፋተኛው እሱ አይደለም። ጤነኛ ገመድ ለአንድ ሰዓት ተኩል 28 አምፕ ቢጎተትበት ለብ ይላል እንጂ አይቀልጥም። እዚያ ቦታ ላይ የላላ ወይ የዛገ ነገር ነበረ። የላላ ቦታ ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪኩን የሚታገል ነገር) አለው፣ አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ ነው እንበል፣ በጣም ትንሽ ነገር ነው፣ 25 አምፕ ሲያልፍበት 25 በ25 በ0.1 ስትመቺው 62.5 ዋት ሙቀት ይወጣዋል። ያ ድሮ ቤታችን የነበረው ባለ 60 አምፖል በርቶ ስፒናው ሆድ ውስጥ ተቀምጧል በይና አስቢው። የሚቀንሰው ቮልት ግን 2 ተኩል ብቻ ነው ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ምንም አይታወቅሽም። ከዚያ ብረቱ ሲሞቅ የሴቷ ስፕሪንግ ጉልበቷን ታጣለች፣ ስትላላ ይብስ ትሞቃለች፣ እንደዛ እያለ ይሄዳል። መብራቱ ቦግ እልም ሲል ነገሩ መጨረሻው ላይ ደርሶ ነበር። ያኔ ነው ማጥፋት የነበረብሽ።

አዲስ አበባ ያደግን ሰው እኮ ይኼን እናውቀዋለን፣ የምጣድ ሶኬቱ ያልጠቆረ ቤት ነበር? ያኛው ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ ስፒናውን በየስድስት ወሩ እንቀይር ነበር፣ ቆጣሪው ጋ ያለው ብሬከር ግን ምን ተዳዬ ይላል። ያው ነው።

አሁን የዴንቨሩ ወንድሜ አትቀየመኝ፣ የመከርከው ነገር ቤት ያቃጥላል። አንዴ በሙቀት ቀለሟ የተለወጠ ሴት ስፕሪንግነቷ ሞቷል፣ በፒንሳ ብትጨብጣት ለአንድ ሳምንት ትይዝ ይሆናል ከዚያ ትለቃለች። በብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍግ ደግሞ ላይዋ ላይ ያለው ልባሱ ይነሳና ቶሎ ይዝጋል። ናስትሮው ደግሞ የሚሠራው ሙቀቱን አፍኖ መያዝና አንተ እንዳታየው መሸፈን ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ምንም አለመሆኑ ዕድልህ ነው፣ ዛሬውኑ ፍታውና እየው።

ተጓዧ፣ ገመዱን በሙሉ መጣል የግድ አይደለም። እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ የካምፑን ወይ የቤቱን ብሬከር አጥፍታችሁ ገመዱን ከሁለቱም በኩል ንቀሉት፣ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ በዓይናችሁ ተነቅሎ እዩት። ጄኔሬተር ወይ ኢንቨርተር (የባትሪውን ወደ 120 የሚቀይር) ካላችሁ እሱም ይጥፋ ምክንያቱም እሱም በሌላ በኩል ኤሌክትሪክ ሊሰድ ይችላል። ከዚያ አርቪው ጎን ላይ ያለውን መሰኪያ የያዙትን አራቱን ብሎን ፈትታችሁ ወደ ውጪ ሳቡትና ጀርባውን እዩ። ሰው ሁሉ የሚረሳው ይኼን ነው። አርቪ መንገድ ላይ ሲነጉድ በእያንዳንዷ ጉድጓድ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፣ ከጀርባ ሽቦውን የያዙት ብሎኖች እየላሉ ይሄዳሉ። እኔ ካየኋቸው የተቃጠሉ መሰኪያዎች ብዙዎቹ በፊት በኩል የተቃጠሉ ይመስላሉ እንጂ ጥፋቱ ከጀርባ ነው የጀመረው።

አንድ ወገን ብቻ አትቀይሩ። ገመዱ ላይ ያለው ሴት ከቀለጠ እሷ የነካችው ወንድም ተጎድቷል፣ አዲሱን ሴት በአሮጌው ወንድ ላይ ብትሰኩት በአንድ ጉዞ አዲሱም ይሄዳል። ሁለቱንም በአንድ ቀን ቀይሩ። የገመዱን ጫፍ ስትቀይሩ ገመዱን ቁረጡት፣ መዳቡ ንጹሕ የሚያብለጨልጭ ቀይ እስኪሆን ድረስ ወደ ኋላ ቁረጡት፣ ጠቆር ያለ ወይ ላስቲኩ የደረቀ ከሆነ ገና ነው። ግማሽ ሜትር ብታጡ ምንም አይደለም። ጥቁሩ ሽቦ ፌዝ ነው፣ ቢጫው የነሐስ ብሎን ላይ። ነጩ ኒውትራል ነው፣ ብርማው ብሎን ላይ። አረንጓዴው ግራውንድ፣ አረንጓዴው ላይ። የሽቦውን ጫፍ በቆርቆሮ አትበይዱት፣ ብየዳ ብሎን ሥር ሲገባ እየተጨፈለቀ ይላላል፣ ባዶውን መዳብ ጠምዝዛችሁ አስገቡ፣ ውጪ የቀረች አንዲት ክር እንዳትኖር። ብሎኑን ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ አጥብቁና ከአንድ ሁለት ጉዞ በኋላ ገመዱን ነቅላችሁ እንደገና ሞክሩት።

እጃችሁ ላይ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ግን ለሚያውቅ ሰው ስጡ፣ በዚህ ማፈር የለም።

ተጓዧ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩለት። ጥያቄ አለኝ። ስንሰካ ቅደም ተከተል አለው እንዴ? እኛ ደርሰን ገመዱን ዝም ብለን ነው የምንሰካው፣ ኤሲውም ከባለፈው በርቶ እንደቀረ ነው፣ ስንሰካ አንዳንዴ ጠሽ ይላል ሰማያዊ ብልጭታም አይቻለሁ። ደግሞ ገመዱ ረጅም ስለሆነ የተረፈውን ጠቅልለን ከአርቪው ሥር ነው የምናስቀምጠው።

ጋሼ ሽቦ (ዳላስ)፦

ያቺ ጠሽ ናት ጠላትሽ። ጭነት እያለ ስትሰኪ ብልጭታው ጥርሶቹን ትንሽ ትንሽ ይበላቸዋል፣ ጎድጉዳና ጥቁር ነጥብ ይሠራል፣ ቀጥሎ በዚያ ነጥብ ላይ ነው ሙቀቱ የሚጀምረው። ስትደርሱ የሳጥኑ ብሬከር ጠፍቶ መሆኑን እዩ፣ ካልጠፋ አጥፉት። አርቪው ውስጥ ኤሲና የውሃ ማሞቂያ አጥፉ። መጀመሪያ አርቪው ላይ ሰክታችሁ አጥብቃችሁ ጠምዝዙ፣ ቀለበቱንም እስከመጨረሻው አዙሩት፣ ግማሽ መንገድ የቀረ ጠምዛዛ ጥርሶቹን በጫፍ ብቻ ነው የሚያስነካው። ከዚያ ሳጥኑ ላይ። ከዚያ ብሬከር። ከዚያ ቮልቱን እዩ። ከዚያ ኤሲ። ስትሄዱ ደግሞ ተቃራኒውን።

የሳጥኑን ሶኬት ልብ በሉ፣ በየሳምንቱ ሌላ ሰው የሚሰካበት የሚነቅልበት ነገር ነው። ስትሰኩት ያለ ምንም ትግል ሸርተት ብሎ ከገባና በሁለት ጣት ሲሳብ ከወጣ፣ ወይ ፊቱ ቡናማ ከሆነ፣ አትሰኩበት። ቢሮ ሄዳችሁ ሌላ ቦታ ስጡን በሉ፣ መብታችሁ ነው።

የተጠቀለለ ገመድን በተመለከተ፣ ብዙ ስትጎትቱ ዘርጉት። የተጠቀለለ ገመድ የራሱን ሙቀት እርስ በርሱ ነው የሚሰጣጠው። በ3 አምፕ ችግር የለውም በ28 ግን አለው። ገመዱ ሁለቱም ጫፍ ጋ ትንሽ ወደ ታች ወረድ ብሎ ይንጠልጠል፣ ዝናብ ገመዱን ተከትሎ ወደ መሰኪያው እንዳይገባ።

እና ሌላ፣ ቀላል ፍተሻ ልንገርሽ። ኤሲው ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ በእጅሽ መዳፍ ጀርባ መጀመሪያ የገመዱን መሃል ንኪ ከዚያ ጫፎቹን። ሁሉም እኩል ለብ ካሉ ደህና ነው። መሃሉ ቀዝቅዞ ጫፉ ከሞቀ ግን ጥፋቱ የጭነት አይደለም፣ የኮንታክት (ብረቶቹ የሚነካኩበት ቦታ) ነው። ርካሽ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትርም ገዝቶ መያዝ ይቻላል፣ እኔ ያችን ካምፕ በደረስኩ ቁጥር ነው የማወጣት፣ ልጆቼ አባባ ገመዱን ሊያክመው ነው ይላሉ።

የዘይት መስክ (ምዕራብ ቴክሳስ)፦

ጋሼ ያሉት በሙሉ ልክ ነው፣ እኔ የምጨምረው ባለ 50 አምፕ ላላችሁ ነው። እኔ ሚድላንድ አካባቢ ሥራ ላይ ነው የምኖረው፣ ሦስት ዓመቴ ነው አርቪ ውስጥ፣ ማለት ለኔ ካምፒንግ አይደለም ቤቴ ነው። 50 አምፕ ሰው እንደሚመስለው ከ30ው ትንሽ የሚበልጥ አይደለም፣ ሁለት ፌዝ ነው የሚመጣው እያንዳንዱ 50 አምፕ ስለዚህ 12,000 ዋት ነው፣ 30ው ደግሞ 3,600። ስፒናው አራት ጥርስ ነው። ሁለቱ ፌዝ በመካከላቸው 240 ናቸው፣ ኒውትራሉ ነው መሃል ላይ ቆሞ ለእያንዳንዱ 120 120 የሚያካፍላቸው።

አሁን ያ ኒውትራል ቢላላስ? እኔ ላይ የደረሰው እሱ ነው። አንድ ምሽት ማይክሮዌቩ እንደ ጄት ማጉረምረም ጀመረ አምፖሉ ነጭ ሆኖ በራ፣ ሌላው ወገን ያለው ፍሪጅ ደግሞ ድክም አለ። ከመሮጤ በፊት ቴሌቪዥኑ ጭስ አወጣ። ኒውትራል ሲቆረጥ ሁለቱ ፌዝ ላይ ያሉት ዕቃዎች ተከታታይ ሆነው 240ውን ይሻሙበታል፣ ቀላል ጭነት ያለበት ወገን 170፣ 180 ይደርሰዋል ሌላው 60። ማይክሮዌቭ፣ ቴሌቪዥን፣ የባትሪ ቻርጀሩ ቦርድ፣ ሁሉም ሄዱ። ሳጥኑ ውስጥ ኒውትራሉን የያዘው ብሎን በጣት የሚዞር ነበር። የቦታው ባለቤት ደግሞ ያንተ ዕቃ ነው የተበላሸው እንጂ የኔ መብራት ደህና ነው አለኝ፣ ተወው።

ከዚያ በኋላ ነው ኢኤምኤስ የሚሉትን መከላከያ የገዛሁት፣ ቮልቱ ከ104 በታች ወይ ከ132 በላይ ሲሆን ወይ ሽቦው የተገላበጠ ወይ ግራውንድ የሌለው ከሆነ ራሱ ይቆርጣል። ርካሹ ሰርጅ ብቻ የሚለው እንደዚያ አይሠራም፣ መብረቅ ነገር ብቻ ነው የሚያየው፣ ስትገዙ ለዩት። ውድ ነው ግን ቴሌቪዥንና ማይክሮዌቭ ድምሩ ከሱ ይበልጣል። እሱም ቢሆን ሁሉን አያይም፣ ከሱ በኋላ አርቪው ላይ ያለው መሰኪያ ቢሞቅ አያውቅም፣ ስለዚህ እጅና ዓይን አይቀርም።

ቤታችሁ ግቢ ውስጥ የ30 አምፕ ሶኬት ልታስገቡ ያሰባችሁም ካላችሁ ተጠንቀቁ። የአርቪው 30 አምፕ 120 ቮልት ነው። ቁጥሩን አይቶ የልብስ ማድረቂያ መስሎት 240 የሚያስገባ ኤሌክትሪሻን አለ፣ ሲሰካ በአንድ ሰከንድ አርቪው ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ይነዳል። ከመሰካታችሁ በፊት በቴስተር ለኩ፣ ኤሌክትሪሻኑ ቢቆጣም ለኩ።

ስቶክሆልም ካራቫን፦

ሰላም ከዚህ ማዶ። ነገሩ እኛ ጋ ትንሽ ይለያል። አውሮፓ ካምፒንግ ላይ ሰማያዊው ክብ ስፒና ነው፣ 230 ቮልት 16 አምፕ፣ ገመዱ ሦስት ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ነው 25 ሜትር። ብዙ ቦታ ግን ሳጥኑ የሚሰጥህ 10 አምፕ ነው አንዳንዱ 6 ብቻ፣ ከዚያ ካለፍክ ይወርዳል። እንጀራ በ1500 ዋት እኛ ጋ 6 ተኩል አምፕ ብቻ ነው የሚወስደው ቮልቱ እጥፍ ስለሆነ፣ ስለዚህ ስፒናው እንደናንተ አይሰቃይም። ግን 6 አምፕ ያለበት ካምፕ ሄደን ባለቤቴ ምጣዷን ስትሰካ ቡም፣ ጨለማ። ጀርመን ጎረቤታችን ተቆጣ፣ እንጀራው ሲደርሰው ዝም አለ።

አረንጓዴ ዝገት ግን እዚህ ችግር ነው፣ ክረምቱን ሙሉ ውጪ የቆመ ስፒና በፀደይ ስታየው አረንጓዴ ሆኗል። እኔ ኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ እነፋበታለሁ፣ ሲደርቅ በቀጭኑ ዳይኤሌክትሪክ ቅባት። ጋሼ ይኼ ልክ ነው ወይ?

ጋሼ ሽቦ (ዳላስ)፦

ስፕሬዩ ልክ ነው፣ ሳይደርቅ አትሰካው ብቻ። ቅባቱ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ሥራው እርጥበት ማስቀረት ነው፣ ስትሰካ ጥርሱ ገፍቶት ብረት ለብረት ይነካካል። በጣም በስሱ ከሆነ ይጠቅማል ባህር ዳርቻ ላሉት በተለይ። የላላን ነገር ግን ቅባት አያጠብቀውም፣ ሰው ቅባት ቀብቶ ጨረስኩ እንዳይል።

ወለተ ሥላሴ፦

ጥያቄዬ ትንሽ ከርዕሱ ይወጣል ይቅርታ። የኛ አርቪ እህቴ ግቢ ነው የቆመው ከጋራዡ በኤክስቴንሽን ነው የምናበራው። ትናንት ከዝናብ በኋላ በባዶ እግሬ ሆኜ የበሩን እጀታ ስነካ ጥዝዝ አደረገኝ። ጫማ ሳደርግ የለም። ልጆቹም ነዝሮናል ይላሉ፣ ይኼም ከገመዱ ይሆን?

ጋሼ ሽቦ (ዳላስ)፦

እህቴ ይኼን አንብበሽ ሳትጨርሺ ጋራዥ ሂጂና ብሬከሩን አጥፊ ከዚያ ንቀይው። በሩን ሳትነኪ። ልጆቹን ከዚያ አርቂ።

ይኼ ቀልድ የለውም። የአርቪው ገላ ኤሌክትሪክ ይዟል ማለት ነው፣ ያ ደግሞ የሚሆነው ግራውንዱ የሆነ ቦታ ተቆርጦ ነው፣ ወይ ኤክስቴንሽኑ ሦስተኛ ጥርሱ ተሰብሯል፣ ወይ አስማሚው፣ ወይ የጋራዡ ሶኬት ራሱ ግራውንድ የለውም። ግራውንድ ሲኖር ትንሿ የምታፈስ ኤሌክትሪክ በሱ ትሄዳለች፣ ሳይኖር ግን መንገዷ አንቺ ነሽ፣ በተለይ በእርጥብ መሬት ላይ በባዶ እግር። ዛሬ ጥዝዝ ያለ ነገ ሌላ ዕቃ ሲበላሽ ሙሉ 120 ሊሆን ይችላል። ኤሌክትሪሻን አይቶት ግራውንዱ እስኪረጋገጥ አይሰካ። በቀጭን የቤት ኤክስቴንሽንም አታብሩት።

ወለተ ሥላሴ፦

ነቀልነው። ኤክስቴንሽኑ እውነትም ሁለት ጥርስ ብቻ ነው ያለው፣ ክቡን የእህቴ ባል አልገባ ሲለው ቆርጦታል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሰኞ ሰው እናስመጣለን።

የዴንቨር ልጅ፦

እሺ ጋሼ፣ ተሸነፍኩ። ናስትሮውን ዛሬ ፈታሁት። ከሥሩ ፕላስቲኩ እንደ ማስቲካ ሆኗል፣ ሴቷ ብረት ቀስተ ደመና መስላለች። ሁለት ዓመት ከልጆቼ ጋር ከዚህ አጠገብ ነው የተኛሁት። ሁለቱንም ወገን አዘዝኩ፣ ከዚህ በፊት የሰጠሁትን ምክር ማጥፋት ይቻላል ወይስ አይቻልም እዚህ?

የዘይት መስክ (ምዕራብ ቴክሳስ)፦

ተወው ይቀመጥ ወንድም፣ ሌላው አንብቦ ይማርበታል።

ተጓዧ ምጣድሽን ደግሞ አትሰናበቺ። ብዙ ካምፕ ሳጥን ላይ ከ50ውና ከ30ው ሌላ ተራ ባለ 20 አምፕ ሶኬት አለ፣ የራሱ ብሬከር አለው። ምጣዱን አርቪው ውስጥ ሳይሆን እዚያ ላይ ሰክተሽ ውጪ ከጥላው ሥር ጋግሪ። 12 አምፕ ተኩል ለ20ው ምንም አይደለም፣ ኤሲሽም የ30ውን ገመድ ለብቻው ይጠቀማል። ኤክስቴንሽኑ ግን 12 ጌጅ ይሁን (ጌጅ የሽቦው ውፍረት ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል)፣ ብርቱካናማውን ቀጭኑን አትመኚው፣ እሱ ብዙ ጊዜ 16 ጌጅ ነው። የመጋጠሚያው ጫፍ ደግሞ መሬት ላይ ውሃ ውስጥ አይተኛ።

ተጓዧ፦

ሰላም ተመልሻለሁ፣ ሁለት ሳምንት ሆነ መሰለኝ። ጋሼ እንዳሉት መሰኪያውን ከአርቪው ጎን ፈታነው፣ ባለቤቴ ካቻቪቴ ነጩ ሽቦ ያለበት ብሎን ላይ ሲያስገባ አንድ ዙር ሙሉ ዞረ፣ በባዶ ጣትም ሊዞር ይችል ነበር። የሽቦው ላስቲክ ወደ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ቡናማ ሆኖ ደርቋል። ስለዚህ ጥፋቱ ከጀርባ ነበር፣ ምናልባትም ከመግዛታችን በፊት የጀመረ። እኛ ያየነው ጥቁር ቀዳዳ ከፊት ነበር ከጀርባው ግን ማንም አላየውም፣ የሸጠልን ሰውዬም ሁሉም ተፈትሿል ብሎን ነበር። ያለፈው አለፈ።

ወንድ መሰኪያውንም የገመዱን ሴት ጫፍም ቀየርን። ገመዱን ሦስት ጊዜ ቆረጥነው መዳቡ ንጹሕ እስኪወጣ፣ አሁን ትንሽ አጥሯል። ሰፈር ያለ ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሪሻን መጥቶ ከመሰካታችን በፊት አየልን፣ ውስጥ ብሬከሮቹ ያሉበትንም ሳጥን ከፍቶ እዚያም ሁለት የላሉ ብሎኖች አገኘ። ገንዘብ አልቀበልም ብሎ ሽሮ በልቶ ሄደ።

ባለፈው ቅዳሜ ፔንሲልቬኒያ ሄድን። ኤሲው አንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ ባለቤቴ በመዳፉ ጀርባ ገመዱን እየነካካ ሲዞር ጎረቤቶቹ ምን ጠፋብህ አሉት። መሃሉም ጫፉም እኩል ነው። ምጣዱን በባለ 20ው ሶኬት ውጪ ሰካሁት፣ 12 ጌጅ ኤክስቴንሽን ገዝቼ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ እንጀራ ንፋስ እየመታው ዓይን አላወጣም፣ ከዚያ ባለቤቴ የመኪናውን በር ከፍቶ ከለለልኝና ተስተካከለ። 17 ነው የጋገርኩት።

ንፋስ ባለበት ቦታ ውጪ የምትጋግሩ ካላችሁ ግን ምጣዱን በምንድነው የምትከልሉት? የመኪና በር ሁልጊዜ አይሆንም።